ሽመላና ሽመል

ሽመል ይዞ አደባባይ የቆመ ሰው በእኛ አገር ወይ እረኛ ነው፣ ወይ ፀብ ፈልጓል። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። አናጺ ነኝ። ሃያ ዓመት በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን ስሠራ ኖሬ፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ ሚስቴ «የእብድ ሥራ» የምትለውን ሞተር የሌለው አውሮፕላን እሠራለሁ። ሰው አይጭንም፤ ግላይደር ነው፣ የእውነተኛው ሩብ።

ጠረጴዛው ላይ የተኛው የእሱ ግማሽ ክንፍ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ87 ሴንቲ ሜትር። ሌላው ግማሽ ቤት ቀርቷል፤ አውቶቡሱ ላይ አልገባ ብሎኝ ነው። ከጎኑ የተደረደሩት 24 ከረጢቶች ጠዋት ልጆች ከወንዙ ዳር የሞሉልኝ አሸዋ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሽ ኪሎ ይመዝናሉ። ስጨርስ ምን እንደምናደርጋቸው ታያላችሁ። እስከዚያ ግን የፊት ወንበር የያዛችሁ ልጆች እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ከሽመሏ በፊት ስለ ሽመላው ላውራ።

ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጡ ሲታጨድ፣ ነዶው ቆሞ ሲደርቅ፣ ማሳው ላይ የሚወርደውን ወፍ ታውቁታላችሁ። አካሉ ነጭ፣ የክንፉ ዳር ጥቁር፣ ምንቃርና እግሩ ቀይ ነው። ፌንጣ ይለቅማል፣ ከአንበጣም ጋር የቆየ ቂም አለው። ይህ ወፍ ክረምቱን እዚህ አልነበረም። ከጀርመን ምሥራቅና ከፖላንድ ተነስቶ፣ በቱርክ ዞሮ፣ ሲናን አቋርጦ፣ የዓባይን ሸለቆ ይዞ ወደ ሱዳንና ወደ እኛ ቆላ ይወርዳል። ሜዲትራኒያንን በቀጥታ የማያቋርጠው ሰንፎ አይደለም። እያርገበገበ ከበረረ ጉልበቱ ያልቅበታል፤ ስለዚህ ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣና ክንፉን ዘርግቶ ይንሸራተታል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ሞቃት አየር እንደ ልብ አይገኝም። ሽመላ ማለት ባጭሩ ላባ ያለው ግላይደር ነው።

አንክላም በምትባል የሰሜን ጀርመን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1848 የተወለደ ኦቶ ሊሊየንታል የሚባል ሰው፣ ልጅ ሳለ ከወንድሙ ከጉስታቭ ጋር ይህንኑ ወፍ ሲያይ አደገ። ትልቅ ሰው ሆኖ መሐንዲስ ሲሆንም ዓይኑን አልነቀለም። የክንፉን ጉብጠት ለካ፣ የተለያየ ቅርጽ ያላቸውን ሰሌዳዎች እያሽከረከረ አየር ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚያነሳቸው መዘነ፣ ከዚያ መጽሐፍ አሳተመ። የወፍ በረራ የመብረር ጥበብ መሠረት ነው የሚል ርእስ ያለው ይህ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1881 እና 1882 ላይ ይውላል። 1881 መጋቢት ላይ እዚሁ መተማ ላይ ምን እንደሆነ ለዚህ ሕዝብ አልነግርም፤ ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበትን ጦርነት የሚያነሳ ሽማግሌ በየቤቱ አለ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በዚያው ዘመን በዚህ ሰማይ የሚያልፈው ወፍ በርሊን ውስጥ በወረቀት ላይ ተዘርግቶ ክንፉ ይለካ ነበር። ወፉ የእኛም እንግዳ ነበር፤ ሜትር ይዞ የጠበቀው ግን እዚያ ነው።

ሊሊየንታል መጽሐፍ ጽፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ክንፍ እየሠራ ከኮረብታ ላይ ይዘል ጀመር። ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል በርሯል፤ ረጅሙ 250 ሜትር ገደማ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1896 ነሐሴ ወር ላይ ወድቆ በማግስቱ ሞተ። ክንፎቹን የሠራው ከምን መሰላችሁ? ከአኻያ ዘንግና ከጥጥ ጨርቅ። በአኻያው ፈንታ ሽመል አስገቡ፤ ጥጡማ የእናንተው ነው። የመጀመሪያው ክንፍ ዕቃ በሙሉ ከሽንፋ ገበያ አይጠፋም ብል ውሸታም አትሉኝም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የእኛ አገር የበረራ ወሬ ሁልጊዜ ከሞተሩ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን ጣሊያን ተወስዳ ሙዚየም ውስጥ ኖራ በእኛ አቆጣጠር በጥር 2016 ተመለሰች። ስትመለስ ብዙ ተባለ፤ ደስም ብሎናል። የክንፏን አጥንት ማን እንደ ላጠ፣ ማን እንደ ለበጠ ሲጠይቅ ግን አንድም ሰው አልሰማሁም። አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ብቻቸውን የሠሩት ባለ ሞተር አውሮፕላንም አለ፤ ኬ-570ኤ ይባላል። ኬዋ የእናታቸው የኪሮስ ስም ናት፣ 570ው ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን ነው። ያን ጊዜም ሰው ሁሉ የጠየቀው «ሞተሩ የምንድን ነው?» ብሎ ነበር። 570 ቀን ግን ሞተር በመግዛት አያልቅም።

በሞተር አውሮፕላናቸው የሚታወቁት የራይት ወንድማማቾች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1901 እና በ1902 የሠሩት ግላይደር ብቻ ነበር። የ1901ዱ ክንፍ የሚጠበቅበትን ያህል አላነሳ ሲላቸው ቤታቸው ተመልሰው በእንጨት ሣጥን ውስጥ ነፋስ እየነፉ ወደ 200 የሚጠጉ ትናንሽ የክንፍ ቅርጾችን ፈተኑ። ሞተር ያሰሩት ክንፉ ከገባቸው በኋላ፣ በ1903 ነው። የክንፋቸው ልብስ ምን ነበር? ያልነጣ ተራ የጥጥ ጨርቅ። አቡጀዲ ልንለው እንችላለን።

እንግዲህ ወደ ጠረጴዛው።

የእኔ ግላይደር ካ-6 የሚባል የጀርመን የእንጨት ግላይደር ቅጂ ነው። ሩዶልፍ ካይዘር የነደፈው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1955 የበረረ፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 15 ሜትር የሆነ ነው። በአራት ስናካፍለው 3 ሜትር ከ75 ይመጣል። ከአባ ኮዳም ከጥንብ አንሳም ክንፍ ይበልጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ሒሳብ አለ። ርዝመቱ ሩብ ሲሆን የክንፉ የገጽ ስፋት አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል፣ ክብደቱ ደግሞ አንድ ስልሳ አራተኛ። ትልቁ ሰው ጭኖ 300 ኪሎ ከሆነ ትንሹ አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ 4.7 ኪሎ ነው። በዚህ ክብደት ፍጥነቱ የትልቁ ግማሽ ይሆናል። «ይጠንክርልኝ» እያለ እንጨት የሚጨምርበት ሰው ግን ክብደቱን ሲያሳድግ ፍጥነቱንም ያሳድጋል፤ ፍጥነቱ ሲያድግ አወዳደቁም ያድጋል። የኛ ሙያ ልማድ ወፍራም መሥራት ነው፤ ወፍራም በር ያሠራ ሰው ይመርቅሃል። ክንፍ ላይ ግን ያ ምርቃት እርግማን ይሆናል።

ታዲያ ስሱ ነገር እንዴት ይችላል? ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ብወርድ የመጣሁበት ገንዘብ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ግላይደሩ አየር ላይ በኃይል ሲታጠፍ ወይም ነፋስ ሲመታው ከክብደቱ አምስት እጥፍ ቢጫነው፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ክንፍ ወደ 12 ኪሎ ይደርሰዋል። 12 ኪሎ ምንም አይደለም፤ ልጅ ያነሳዋል። ነገር ግን ጭነቱ ያረፈው ሥሩ ላይ አይደለም፤ በክንፉ ላይ ተበትኖ ነው። አማካዩ ከሥሩ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይወድቃል። ባልዲ ውሃ በደረታችሁ አቅፋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ያንኑ ባልዲ በተዘረጋ እጅ ያዙት፤ ልዩነቱን ትከሻችሁ ይነግራችኋል። የክንፉ ትከሻ፣ ማለት ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት ሥር፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 12ን በ80 አባዙ፣ ለ4 አካፍሉ፤ 240 ኪሎ። ሁለት ኩንታል ተኩል ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሰሊጥ በዚህች አውራ ጣት በምታክል ቦታ ላይ ይሸከማል። የላይኛውን እንጨት ይጨምቀዋል፣ የታችኛውን ይስበዋል።

ስለዚህ ይህን ጭነት የሚሸከመው የክንፉ ወራጅ አንድ ድፍን እንጨት መሆን የለበትም። ሁለት ዘንግ ነው፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ በተቻለ መጠን ተራርቀው። ክንፉ 2 ሴንቲ ብቻ ውፍረት ቢኖረው ያው 12 ኪሎ 480 ይሆን ነበር። በሁለቱ መካከል ስስ ኮምፔንሳቶ ይቆማል፤ ጭረቱ ቁመቱን ይዞ እንዲሄድ፣ አግድም እንዳይሆን። ሥራው ሁለቱ ዘንጎች እንዳይቀራረቡና አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት ማድረግ ነው። መሐሉ ባዶ ነው። የቤት ጣሪያ ወራጅ የሠራ ሰው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል፣ ቁጥሩን ግን አልቆጠረውም።

ሽመሏ የምትገባው እዚህ ነው። የደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ ወደ ቋራና ወደ መተከል በኩል የሚበቅለው የቆላው ሽመል ግን ውስጡ ድፍን ነው ማለት ይቻላል። ሰንጥቃችሁ ጫፉን ብታዩ ነጠብጣብ የመሰለ ጭረት አለው፤ ወደ ውጭ እየቀረበ ሲሄድ ይጠቀጠቃል፣ ወደ መሐል ሲገባ ይሳሳል። ጥንካሬው ያለው የተጠቀጠቀው ጋ ነው። ስለዚህ ስትልጡት ቆዳውን አትንኩ፤ የሚላጠው ከሆዱ ነው። እኔ መጀመሪያ የላጥኩት በተቃራኒው ነበር፤ የሚያብለጨልጨውን ቆዳ ለውበት ብዬ በመላጊያ አነሳሁት፣ ጥሩ ጥሩውን ጥዬ ልብ ልቡን አስቀረሁ። ሌላው ነቀዝ ነው። ሽመል ስኳርና ስታርች አለው፣ ነቀዝ ይወደዋል። በበጋ የተቆረጠውን ምረጡ፣ ከመድረቁ በፊት ጥቂት ሳምንት ውሃ ውስጥ አሰንብቱት። ደግሞ አደራ፤ ከገበያ ግዙ እንጂ አላጥሽ ፓርክ ውስጥ ገብታችሁ እንዳትቆርጡ። የእጣን ዛፍም እንጨቱ ቀላል ነው ብላችሁ እንዳትነኩት፤ እሱ ቆሞ የሚያበላ ዛፍ ነው።

ኮላ። የመተማ ሙጫ ባሕር ተሻግሮ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚገባ የከበረ ዕቃ ነው፤ ግን ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ንድፉን እንጨቱ ላይ ለመለጠፍ ተጠቀሙበት፣ ለወራጁ አይሆንም። ነጩ የአናጺ ኮላም በዚህ ሙቀት ጭነት ሲበዛበት ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ለወራጁ ከሁለት ብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ግዙ፤ ውድ ነው፣ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው። እሱም ቢሆን ከ50ና 60 ዲግሪ በላይ ሲግል መድከም ይጀምራል። ትልልቆቹ የፋይበር ግላይደሮች በአብዛኛው ነጭ የሚቀቡት ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ክንፍ እጅ ያቃጥላል።

ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡትን አጥንቶች ባጭሩ። በየ6 ሴንቲ ሜትሩ አንድ፣ ለግማሽ ክንፍ ከ30 በላይ። አንድ በአንድ አይቆረጡም። የሥሩንና የጫፉን ቅርጽ ከቆርቆሮ ትቆርጡና፣ ስሱን እንጨት በመሐላቸው እንደ ዳቦ ቁራሽ ደርድራችሁ በሞርሳ ታስራላችሁ፤ ከዚያ ሁለቱ ቆርቆሮዎች እስኪነኩ በሞረድ መውረድ ነው። ሲፈታ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚሄዱ ሠላሳ ወንድማማቾች ይወጣሉ። የትልቁን አውሮፕላን የክንፍ ቅርጽ ግን እንዳለ አታሳንሱት። አየር ለትንሽ ክንፍ ከትልቁ ይልቅ ይወፍርበታል፣ እንደ ማር ይይዘዋል፤ ለሞዴል ተብሎ የተነደፈ፣ ሳሳ ያለ ቅርጽ ነው የሚሻለው።

አሁን እኔ የተቀጣሁበት ጉዳይ። የክንፉ ጫፍ ከሥሩ ጋር በአንድ መስመር አይተኛም፤ የፊቱ ጠርዝ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ታች ዝቅ ይላል። ለምን? ግላይደር ፍጥነቱ ሲያንስ ክንፉ አየሩን ይለቃል። መጀመሪያ የሚለቀው ጫፉ ከሆነ አንዱ ክንፍ ይወድቅና መሽከርከር ይመጣል። ሥሩ ቀድሞ ከለቀቀ ግን አፍንጫው ዝቅ ይላል፣ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ጫፉ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ሁለት ዲግሪ ማለት 4 ሚሊ ሜትር ነው። ስትሠሩ ከጫፉ የኋላ ጠርዝ ሥር 4 ሚሊ ሜትር እንጨት ማስገባት ብቻ ነው፤ አለቀ።

እኔ አስገብቼ ነበር፤ በሁለቱም ክንፍ። ጠረጴዛዬ ግን ጠማማ ነበር። ሃያ ዓመት አልጋ የሠራሁበትን ጠረጴዛ ማን ይጠረጥራል? ከዚያ ላይ አቡጀዲውን አልብሼ፣ ውሃ ረጭቼ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ጥጥ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ደግሞ ያላሰራችሁትን ነገር ሁሉ ይጠመዝዛል። የግራው ክንፍ 4 ሚሊ ሜትሩን ጠብቆ ቀረ፣ የቀኙ ወደ ላይ ዞረ። ከኮረብታ ላይ ስለቀው ለአሥር ሜትር ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ከዚያ ጎኑን አስቀድሞ መሬት ገባ። የአራት ወር ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ክር ሳልወጥር፣ በውሃ ልክ ሳላይ ምንም አላስቀምጥም፤ ልብሱ እስኪደርቅም ክንፉን ጠረጴዛው ላይ በጡብ አስሬ ጥላ ውስጥ ነው የምተወው። ልጄ «አባዬ ክንፉን ደግሞ ለምን ታስረዋለህ?» ትለኛለች።

ስለ ማብረሩ ማውራት አይቀርም፤ የምንኖረው ጠረፍ ላይ ነው። በዚህ ዘመን ሰማይ ላይ ዝም ብሎ የሚያንዣብብ ነገር ያየች እናት መጀመሪያ የምታደርገው ልጆቿን መጥራት ነው፤ እሷን ማን ይፈርድባታል? በሬዲዮ የሚታዘዝ ነገር ያለ ፈቃድ እንዳታነሱ። የሬዲዮ ዕቃው ከውጭ ሲገባም፣ ሲበርም የሚጠየቅ ፈቃድ አለ፤ መጀመሪያ እሱ ይሟላ። እስከዚያ ክንፍ መሥራት የከለከለ የለም። እንደ እኔ እምነት ትምህርቱም ከዘጠኝ እጅ ስምንቱ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። ለማየት ከሆነ ደግሞ አስተማሪዎቹ ከላያችሁ ናቸው። ሰሊጡ ከተነሳ በኋላ ጥቁሩ ዋልካ ራቁቱን ይቀርና ፀሐይ ይመታዋል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጥንብ አንሳዎቹ አንድ በአንድ ከዛፍ ይለቃሉ። አንዷም ሳታርገበግብ እየዞሩ ይወጣሉ። ሞቃቱ አየር የት እንደሚነሳ ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንገት ቀና ማድረግ ነው። ከነዚህ አንዱ ዝርያ የሩፐል ጥንብ አንሳ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ድረስ ከመጣው ከጀርመናዊው ተመራማሪ ከኤድዋርድ ሩፐል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አቢጃን ላይ አንዱ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ያን ያህል ከፍታ ላይ ምን ፈልጎ እንደ ነበር እሱ ይወቀው።

በሉ እንግዲህ፣ ሁለት ጠንካራ ወንበር አምጡልኝ።

ክንፉን ገልብጬ ነው የማስረው፤ ሆዱ ወደ ላይ። አየር ክንፍን የሚገፋው ከሥር ወደ ላይ ነው፣ አሸዋ ደግሞ የሚከብደው ወደ ታች ነው። ስንገለብጠው አሸዋው የአየርን ሥራ ይሠራልናል። ሥሩን በዚህ ብረት ዘንግ ከጠረጴዛው ጋር አጥብቄዋለሁ፤ አውሮፕላኑ ላይም ሁለቱ ክንፎች የሚያያዙት በዚሁ ዘንግ ነው። ከረጢቶቹን 11 ወደ ሥሩ፣ 8 መሐል ላይ፣ 5 ወደ ጫፉ እናደርጋለን። ወንበሮቹ ከክንፉ በታች የሚቆሙት ቢሰበር እንዲቀበሉት ነው፤ እንዳይነኩት አራርቋቸው።

የመጀመሪያው ክንፌ በ7 ኪሎ ነው የተሰበረው። የተሰበረውም ሥሩ ላይ አልነበረም፤ ለማጠናከሪያ የጨመርኳት ሁለተኛ ሽመል ድንገት ያበቃችበት ቦታ ላይ ነው። ጠንካራው ከደካማው ጋር የተገናኘበት ጠርዝ ላይ ጭነቱ ሁሉ ተሰበሰበና ጧ! አለ። በዚህኛው ሽመሏን እንደ እርሳስ አሹዬ፣ የላይኛዋንና የታችኛዋን በተለያየ ቦታ ጨርሻቸዋለሁ። ይችል አይችል አላውቅም። ቤት አልሞከርኩትም፤ እናንተ ፊት ይሁን ብዬ ነው።

አንቺ ልጅ፣ ነይ፤ የመጀመሪያውን ከረጢት አንቺ አስቀምጪ። ቀስ ብለሽ፣ ከሥሩ ጀምሪ። ሌሎቻችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፤ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ነውና ስትቆጥሩ ጆሮአችሁን ወደዚህ አድርጉ።